የዕድገት የቋንቋ እክል፤ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በእኛ መማሪያ ክፍል ሲመዘን

መግቢያ

በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚከተለውን ዓይነት ሕፃን ሳያውቅ አይቀርም። ሕፃኑ ጆሮው ይሰማል፤ ዓይኑ ያያል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥና ሲጫወት የጎደለው ነገር መኖሩ አይታይም። ነገር ግን መምህሩ ትእዛዝ ሲሰጥ ሌሎቹ የሚያደርጉትን አይቶ ይከተላል እንጂ በራሱ አይጀምርም። ተጠይቆ ሲመልስ መልሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል አይዘልም። የሰማውን ተረት ተርክ ቢባል መጀመሪያውን ከመጨረሻው ያደባልቀዋል፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ አይለይም። በዓመቱ መጨረሻም ስሙ ከወደቁት ጋር ይጻፋል።

አማርኛ ለንግግር ጉድለቶች ስም ያጣ ቋንቋ አይደለም። ድምፆችን አጣርቶ ለማያወጣው ‹ኮልታፋ›፣ አንደበቱ ለሚያዝበት ‹ተብታባ›፣ ጨርሶ ለማይናገረው ‹ድዳ› ይላል። እነዚህ ቃላት የሚያቆስሉ ቢሆኑም ቢያንስ ችግሩ አንደበት ላይ መሆኑን ያመለክታሉ። ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ ለሚፈርስበት፣ ወይም የሚነገረው ቃል ተሰምቶት ትርጉሙ ለሚያመልጠው ሕፃን ግን ቋንቋችን ያዘጋጀው ስም የለም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ስም መዋሱ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ሕፃን ‹ሰነፍ›፣ ‹ፈዛዛ›፣ ‹ዝንጉ›፣ አንዳንድ ጊዜም ‹ደደብ› ይባላል። ዝምተኛ ከሆነ ደግሞ ‹ጨዋ ልጅ› ተብሎ ይመሰገንና ማንም ሳያየው ያልፋል።

በሌላው ዓለም ይኸው ሕፃን ስም አግኝቷል። ‹የዕድገት የቋንቋ እክል› ብለን ልንመልሰው የምንችለው ይህ ስያሜ ‹ካታሊስ› በተባለ የባለሙያዎች ስምምነት የጸደቀ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ስለ ጉዳዩ የሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚመሩት በዚሁ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ የሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ለሚገኝ ሰው ጥያቄው ስያሜውን እንቀበል ወይስ አንቀበል የሚል ብቻ አይደለም፤ ከስያሜው ጋር አብሮ የሚመጣው የምልክቶች ዝርዝርና የአሠራር መንገድ በእኛ ቋንቋዎችና በእኛ ክፍሎች ውስጥ ይሠራል ወይ የሚል ነው። የዚህ ሒስ ዓላማም የስምምነቱን ጠንካራና ደካማ ጎኖች ከዚህ አንጻር መመርመር ነው።

1. ስምምነቱ የተደረሰበት ሁኔታ

ከዚህ በፊት ለእነዚህ ሕፃናት የሚሰጠው ስም ብዙና የተዘበራረቀ ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ የገነነው ‹ስፔሲፊክ ላንጉጅ ኢምፔርመንት› የሚለው ነበር፤ ትርጉሙም ‹በቋንቋ ላይ ብቻ የተወሰነ ጉድለት› እንደ ማለት ነው። በዚህ አገላለጽ መሠረት አንድ ሕፃን በእክሉ ተጠቂ ነው ለመባል፣ ቋንቋን በማይጠይቅ የአእምሮ ችሎታ መለኪያ የሚያገኘው ውጤት ደኅና ሆኖ የቋንቋው ውጤት ብቻ ዝቅ ማለት ነበረበት። ሁለቱም ዝቅ ያሉበት ሕፃን ከትርጉሙ ውጭ ይቀር ነበር።

ይህን ውዝግብ ለመፍታት ዶሮቲ ቢሾፕ የተባሉት እንግሊዛዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ‹ዴልፋይ› በሚባለው ዘዴ ተጠቀሙ። ዘዴው ባለሙያዎች አንዱ ሌላውን ሳይጫን በተደጋጋሚ ዙር አስተያየታቸውን በጽሑፍ እየሰጡ ወደ ስምምነት የሚቀርቡበት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ10 የሙያ ዘርፎች የተውጣጡ 59 ባለሙያዎች የተሳተፉ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ፤ ስያሜን የሚመለከተው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ በ2017 ወጣ። በዚህ መሠረት ‹የቋንቋ እክል› የሚባለው በቀላሉ የማይወገድ ሆኖ የሕፃኑን የዕለት ተዕለት ግንኙነት ወይም ትምህርቱን የሚያደናቅፍ የቋንቋ ችግር ነው። እንደ መስማት መሳን፣ እንደ ኦቲዝም ወይም እንደ ዳውን ሲንድሮም ከመሰለ ከታወቀ ሁኔታ ጋር ያልተያያዘ ሲሆን ‹የዕድገት› የሚለው ቅጽል ይጨመርበታል።

2. ጠንካራ ጎኖቹ

የመጀመሪያው ጥንካሬ የአእምሮ ችሎታ ልዩነትን እንደ መመዘኛ መተዉ ነው። በዚሁ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ይህን ውሳኔ የሚደግፍ ማስረጃ አቅርቧል። የቋንቋ ጉድለት ካለባቸው ሕፃናት መካከል በሌላው ችሎታቸው መካከለኛ የሆኑትና ከዚያ በመጠኑ ዝቅ ያሉት ሲነጻጸሩ፣ በቋንቋ ችግራቸው ክብደትም ሆነ በትምህርት ውጤታቸው ልዩነት አልታየባቸውም። እንግዲህ አንዱን ለድጋፍ ብቁ፣ ሌላውን ብቁ ያልሆነ ማለት ፍትሕ አልነበረም። ለእኛ ይህ ከፍትሕም በላይ የተግባር ጉዳይ ነው። የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ያልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ በቀድሞው ትርጉም መሠረት ይህን ሕፃን ለይቶ ማወቅ ከቶ አይችልም ነበር። አዲሱ ትርጉም ግን ዓይኑን የሚጥለው ሕፃኑ በክፍልና በጨዋታ ቦታ በሚያደርገውና በሚሳነው ነገር ላይ ስለሆነ፣ በሩን ለመምህሩ ከፍቶለታል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ወላጅን ከወቀሳ ማዳኑ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እክሉ በዘር የመውረድ ባሕርይ እንዳለው አሳይተዋል። እናቱ ስላላነጋገረችው፣ ወይም ቤተሰቡ ሁለት ቋንቋ ስለሚናገር የሚመጣ ችግር አይደለም። በአገራችን ሁለትና ሦስት ቋንቋ መናገር የብዙ ቤተሰብ የዕለት ኑሮ እንደ መሆኑ፣ ‹ቋንቋ ስለ ተደበላለቀበት ነው፤ የቤታችሁን ቋንቋ ተዉት› የሚለው ምክር መሠረት የሌለው መሆኑን መምህራን ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። እክሉ ያለበት ሕፃን በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይቸገራል። በመማሪያ ቋንቋው ብቻ ተቸግሮ በአፍ መፍቻው እንደ ልቡ የሚተርክ ሕፃን ግን እክል የለበትም፤ የሚያስፈልገው የመማሪያውን ቋንቋ መማር ነው።

ሦስተኛው፣ ጉዳዩ በጊዜ የሚጠፋ የልጅነት መዘግየት ብቻ አለመሆኑን ማስገንዘቡ ነው። በማንቸስተር የተካሄደውና 242 የሰባት ዓመት ሕፃናትን ይዞ እስከ ጉልምስና የተከታተለው ጥናት፣ ችግሩ በብዙዎቹ ላይ እስከ ወጣትነት እንደሚዘልቅ፣ በትምህርትም በጓደኝነትም ላይ ጥላውን እንደሚጥል አሳይቷል። ስለዚህ ‹ሲያድግ ይተወዋል› ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

3. ደካማ ጎኖቹ

ሀ. የቋንቋው ጥበት

የስምምነቱ ተሳታፊዎች የመጡት ከስድስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ነው፤ እነርሱም አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ ኒው ዚላንድ፣ ብሪታንያና ዩናይትድ ስቴትስ ናቸው። አዘጋጆቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ሥራቸው በእንግሊዝኛ ላይ መወሰኑን በግልጽ ጽፈዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ይህ ገደብ ተረስቶ ዝርዝሩ ቃል በቃል ሲተረጎም ነው። የሰሪው ጥናት ያገኘውና በየቦታው የሚጠቀሰው 7.58 በመቶ የሚለው መጠንም የተሰላው እንግሊዝኛን ብቻ ለሚናገሩ ሕፃናት ነው። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ወይም አራት ሕፃን ይኖራል ማለት ለግምት ያህል ይጠቅም ይሆናል፤ የኢትዮጵያ አኃዝ አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው።

በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ላሉ ሕፃናት ከተመለከቱት ምልክቶች መካከል ተረትን በተያያዘ መንገድ መተረክ አለመቻል፣ የሰሙትን ወይም ያነበቡትን አለመረዳትና የቃል ትእዛዝን መከተል አለመቻል ይገኙበታል። እነዚህ በየትኛውም ቋንቋ የሚያገለግሉ ናቸው። ‹ብዙ ያወራል፤ ተቀባብሎ መነጋገር ግን አይችልም› የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እኩል እንዲነጋገር አይጠበቅም፤ አንገቱን ደፍቶ በአጭሩ መመለሱ የጥሩ አስተዳደግ ምልክት ነው። ስለዚህ አንድን ሕፃን መምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ አቁሞ በማነጋገር መመዘን አይቻልም። ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት፣ ከታናናሾቹ ጋር ሲነጋገር መታየት አለበት።

ለ. የባለሙያ መኖር እንደ መነሻ መወሰዱ

ስምምነቱ መምህሩን የሚያየው እንደ ጠቋሚ ነው፤ መምህሩ ይጠራጠራል፣ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ይመረምራል። በእኛ አብዛኞቹ ወረዳዎች ግን የሚላክበት ባለሙያ የለም። መምህሩ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ረዳት ነው። ‹ወደ ባለሙያ ላክ› ብሎ የሚያበቃ መመሪያ ለእርሱ ባዶ ወረቀት ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የሚገባውና የሚቻለው አንድ ነገር ቢኖር የጆሮ ምርመራ ነው፤ ከሁሉም በፊት ሕፃኑ በትክክል መስማቱ መረጋገጥ አለበት።

ሐ. ስያሜው መሸሸጊያ የመሆኑ አደጋ

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳይቷል። ከሦስት ሕፃናት አንዱ የቋንቋ እክል ሊኖርበት አይችልም። ይህ የማስተማር፣ የመጽሐፍና የትምህርት ጊዜ ችግር ነው። አዲስ ስያሜ በእጃችን ሲገባ የራሳችንን የማስተማር ጉድለት በሕፃኑ ላይ ለመለጠፍ መዋል የለበትም። ሕፃኑ የሚመዘነው በአንድ ክፍል አብረውት በተማሩ፣ በአንድ ቋንቋና በአንድ አካባቢ ባደጉ እኩዮቹ ልክ እንጂ ከመጽሐፍ በተወሰደ መስፈርት መሆን የለበትም።

4. የአማርኛ ጉዳይ

የዝርዝሩ ቀጥተኛ ትርጉም የት ላይ እንደሚሰናከል ለማሳየት የግሥን ጉዳይ እንመልከት። በእንግሊዝኛ የእክሉ ዋነኛ መለያ ተብሎ የሚታወቀው፣ ሕፃኑ የግሡን የጊዜ ምልክት መጣሉ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በእንግሊዝኛ ምልክቱ የተጣለበት ግሥ ራሱን ችሎ የሚነገር ቃል ስለሆነ ነው። በአማርኛ ግን ‹ስ-ብ-ር› የሚለውን ሥር ብቻውን ማንም አፉን ከፍቶ ሊናገረው አይችልም። ‹ሰበረ›፣ ‹ሰበረች›፣ ‹ይሰብራል› መባል አለበት። ሊጣል የሚችል ነገር የለም። በዚህ ረገድ ከእኛ ጋር በሚዛመደው በዕብራይስጥ የተደረጉ ጥናቶች፣ እክሉ ያለባቸው ሕፃናት በግሥ ርባታ ላይ እንደ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እንደማይቸገሩ አሳይተዋል። በኢጣሊያንኛም ችግሩ የሚበረታው በግሡ ላይ ሳይሆን በጥቃቅንና ድምፃቸው በማይጎላ ቃላት ላይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ እክሉ አንድ ሆኖ መልኩ እንደየቋንቋው ይለዋወጣል። አማርኛ ተናጋሪውን ሕፃን በእንግሊዝኛ ምልክት የሚፈልግ ሰው ‹ግሡን በደንብ ያረባል፤ እክል የለበትም› ብሎ ያልፈዋል።

ታዲያ በአማርኛ የት ይፈለግ? የሚከተሉት ለጥናት መነሻ እንዲሆኑ የቀረቡ ሐሳቦች ናቸው።

አንደኛ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚያመለክቱ ጥቃቅን ቅጥያዎች ናቸው። ‹ልጁን ልጅቷ ገፋችው› ሲባል ገፊዋን የሚያሳውቁት ‹ን› እና በግሡ ላይ ያሉት ምልክቶች ናቸው። የቃላቱን ቅደም ተከተል ብቻ የሚከተል ሕፃን ልጁ ገፋት ብሎ ሊረዳው ይችላል። ‹ፈረደለት› እና ‹ፈረደበት› በአንድ ፊደል ተለያይተው ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛ፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። ‹ውሻው የነከሰው ልጅ ሮጠ› ከተባለ በኋላ ‹ማን ሮጠ?› ቢባል፣ ቋንቋው የደከመበት ሕፃን ‹ውሻው› ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፣ የትእዛዝ ቅደም ተከተል ነው። መምህሩ ‹ደብተራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቡ› ሲል፣ መጀመሪያ የተነገረው በመጨረሻ የሚደረገው ነው። ሕፃኑ ደብተሩን ቀድሞ ያወጣል፤ ‹የማይታዘዝ› ተብሎም ይቆጣበታል። እርሱ ግን የሰማውን በሰማበት ተራ መፈጸሙ ነው።

አራተኛ፣ ንባብ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ‹አለ› የሚለው ‹ተናገረ› ይሁን ‹ይገኛል›፣ ‹ገና› የሚለው በዓሉ ይሁን ‹እስካሁን ያልደረሰ›፣ አንባቢው የሚወስነው በሚያውቀው የንግግር ቋንቋ ነው። ፊደልን ያጠና ሕፃን ምንባቡን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ መምህሩም ‹ጎበዝ› ብሎ ያስቀምጠዋል። ስለ ምን እንዳነበበ ግን ማንም አልጠየቀውም። ይህ ከፊደል ለመቁጠር ችግር የተለየ ስለሆነ በንባብ ፈተና ብቻ አይገኝም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የጎንደሩና የሸዋው አነጋገር ልዩነት እንደ ስሕተት እንዳይቆጠር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ ስለ አማርኛ የተባለ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ የመማሪያ ቋንቋዎቻችን በርካታ ሆነዋል። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምርመራ ይፈልጋሉ። ከእንግሊዝኛ ቀጥታ መተርጎም ስሕተት ከሆነ፣ ከአማርኛ ወደ እነዚህ ቀጥታ መተርጎምም ያው ስሕተት ነው።

5. የድጋፍ መንገድ

የቋንቋ ድጋፍ በሠለጠነ ሐኪም ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑን የሚያመለክት መልካም ማስረጃ አለ። በእንግሊዝ አገር በ193 ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የናፊልድ የቋንቋ መርሐ ግብር፣ ለ20 ሳምንታት በረዳት መምህራን የተሰጠ ሲሆን የሕፃናቱን የቃል ቋንቋ አሻሽሏል። ይዘቱም ቃላትን በግልጽ ማስተማር፣ ተረት ማስተረክና ማዳመጥን ማለማመድ ነበር። ረዳት መምህርና ትንንሽ ቡድን የሌለው የእኛ ክፍል መርሐ ግብሩን እንዳለ ሊወስደው አይችልም፤ መሠረተ ሐሳቡን ግን ሊወስድ ይችላል።

ለዚህ የመጀመሪያው እንቅፋት በኅብረት የማስደገም ልማዳችን ነው። የዚህ ሒስ ጸሐፊ የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ሲጎበኝ በተደጋጋሚ ያስተዋለው ነገር አለ። ዕጩው ‹ገባችሁ?› ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ሕፃን ከንፈሩ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፤ የሌሎቹን ድምፅ ተከትሎ ያስተጋባል እንጂ የሚለውን አያውቅም። ዕጩውም ከፊት ቆሞ ይህን አያይም። የኅብረት ድምፅ የማይገባውን ሕፃን የሚደብቅ መጋረጃ ነው።

መምህሩ ያለ ምንም ወጪ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ተግባራት አሉ። ትእዛዝን በሚፈጸምበት ተራ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ ምልክት አስደግፎ መስጠት፤ ‹ገባህ?› ከማለት ይልቅ ‹አሁን ምን ታደርጋለህ?› ብሎ መጠየቅ፤ ለመልስ ጊዜ መስጠት፤ ሕፃኑ ሲሳሳት ‹እንዲህ አይባልም› ከማለት ይልቅ ያለውን አስተካክሎ መልሶ መናገር፤ አዲስ ቃልን አንድ ቀን አስጽፎ ከመተው በየዕለቱ በሌላ በሌላ ዐረፍተ ነገር መመለስ፤ በፈተናም ጊዜ የሚያውቀውን በሥዕል ወይም በተግባር እንዲያሳይ መፍቀድ ይገኙባቸዋል። ተረትና እንቆቅልሽ ደግሞ ከውጭ የማናስመጣቸው መሣሪያዎች ናቸው። እንቆቅልሽ አንድን ነገር በባሕርዩ መግለጽን፣ ተረት ደግሞ ነገርን በቅደም ተከተል ማያያዝን ያስተምራል። በአብዛኛው ለሳምንቱ መጨረሻ ማሳለፊያ የተተዉት እነዚህ ሥራዎች በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የራሳቸው ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

መደምደሚያ

በአጠቃላይ ሲታይ ስምምነቱ ለዘመናት ያለ ስም የኖረውን ሕፃን እንድናይ አድርጎናል፤ ትርጉሙም ካለፈው ይልቅ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርብ ነው። ስያሜውን መቀበል ይገባናል። የምልክቶቹን ዝርዝር ግን በትርጉም ሳይሆን በራሳችን ምልከታ መገንባት አለብን።

ለዚህም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተሻለ ቦታ ያላቸው ናቸው። በአሁኑ አሠራር በልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርሶች ውስጥ ‹የንግግርና የቋንቋ ችግር› ተጠቃሎ ሲቀርብ፣ ዕጩዎች ይዘውት የሚወጡት በአብዛኛው መንተባተብን ነው። ሁለቱ ተለይተው ይሰጡ። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ዕጩ በማስተማር ልምምዱ ወቅት፣ በወላጆች ፈቃድና የሕፃናቱ ስም ሳይጠቀስ፣ ሁለት ሕፃናት አንድን አጭር ተረት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲተርኩ እንዲመዘግብ ይደረግ፤ አንዱ መምህሩ የሚሠጋለት፣ ሌላው የማይሠጋለት። ይህ በየኮሌጁና በየቋንቋው ለጥቂት ዓመታት ቢጠራቀም፣ የሰባት ዓመት ኢትዮጵያዊ ሕፃን በቋንቋው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ የሚቸገረውም የት ላይ እንደሚቸገር የሚነግረን የራሳችን መዝገብ ይኖረናል። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ መምህር ‹ሰነፍ› የሚለውን ቃል ከመጻፉ በፊት፣ ሕፃኑ ትምህርቱ ነው ወይስ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቃል የከበደው ብሎ ቢጠይቅ፣ የስምምነቱ ዋና ፍሬ በእጁ ገብቷል ማለት ነው።